በጥቂቱ የታመነች አያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 ዛሬ የዐቢይ ጾም ስድስተኛ ሰንበት ገብር ኄር ነው።

እንደምታውቁት በዚህ ሰንበት የሚነበበው ወንጌል ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ሲል ገንዘቡን ለአገልጋዮቹ ስላደለው ጌታ ይናገራል (ማቴ. 25፥14-30)። ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጠ። ባለ አምስቱና ባለ ሁለቱ አተረፉ፤ ባለ አንዱ ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጌታው ለባለ አምስቱ የተናገረውን ምስጋና ለባለ ሁለቱም ቃል ሳይቀንስ ደግሞታል። የጠየቀው የመክሊቱን ብዛት ሳይሆን ታማኝነቱን ነውና።

ይህ ወንጌል በተነበበ ቁጥር እኔ የማስባት አንዲት ሴት አለች። በመንዝ ደጋ ኖራ በ2010 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ያረፈች አያቴ ናት።

ፊደል ያልቆጠረች አገልጋይ

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቀን የምትቆጥረው በበዓላት ነበር፤ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም እያለች። መንዝ ብርዱ የከፋ፣ ሰው በገብስና በበግ የሚኖርበት አገር ነው። የእርሷም ሀብት ይኸው ነበር፤ ጥቂት ገብስ፣ ከዚያም ያነሰ ስንዴ፣ ጥቂት በጎች። ከዚህችው ላይ ግን የእግዚአብሔር ድርሻ ሳይነሣ የቀረበት ዓመት አላየሁም።

ስንዴው ከአውድማ ሲገባ አስቀድማ መገበሪያውን ትለያለች። እንክርዳዱን፣ ጠጠሩን፣ የተሰበረውን ፍሬ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ልጅ ሆኜ «እማማ፣ እኛ የምንበላውን እንዲህ አትለቅሚውም፤ ይኼን ለምን ታበዥበታለሽ?» ብላት፣ «እኛ የምንበላው ለሆድ ነው የኔ ጌታ፤ ይኼ ግን የጌታ ሥጋ የሚሆን ነው» አለችኝ። ስለ ምሥጢረ ቁርባን በኋላ ከመምህራን ተምሬአለሁ፤ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከእርሷ ሰፌድ አጠገብ ነው።

በቤቷ በግ ሲታረድ ቆዳው አይሸጥም ነበር። ለአብነት ተማሪ ደበሎ ነው። ተማሪዎቹ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ከደጃፍ ሲቆሙ ሌላ ሰው አትልክም፤ ራሷ ወጥታ ውሻውን ትይዝላቸዋለች። ካለ እንጀራ፣ ከሌለ ቆሎ ትሰጣለች። ምንም በሌለ ጊዜ እንኳ «ዛሬ የለኝም ልጆቼ፣ ነገ ኑ» ብላ በመልካም ቃል ትሸኛቸዋለች እንጂ በር ዘግታ ዝም አትልም።

የሐዋርያት ሥራ ስለ ጣቢታ ይነግረናል (ሐዋ. 9፥36-42)። ባረፈች ጊዜ መበለቶች በቅዱስ ጴጥሮስ ዙሪያ ቆመው እያለቀሱ የሠራችላቸውን ልብስ አሳዩት። ስለ እርሷ የመሰከረላት የለበሱት ልብስ ነበር። ከእኛው ከሸዋ፣ ከቡልጋ የተገኘችው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ባለ ትዳርና የልጆች እናት ነበረች፤ ኋላ ሁሉን ትታ መንናለች። ሁላችን ግን ገዳም አንገባም። አያቴ እንደ ጣቢታ ከቤቷ ሳትወጣ፣ በሰፌዷና በበጎቿ ቆዳ አገለገለች።

«አዎ» ብዬ የዋሸሁት

እኔ ከዚያች ቤት ወጥቼ አብነት ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ዲቁናም ተቀበልኩ። ቀጥሎ ዘመናዊውን ትምህርት ልማር ወደ ከተማ ሄድኩ። ከተማ ከገባሁ በኋላ በፈተናም በጓደኛም እያመካኘሁ ከቅዳሴ መቅረት ጀመርኩ። አንድ ሰንበት፣ ሁለት ሰንበት እያልኩ ወራት አለፉ።

አያቴ በአጎቴ ስልክ እየደወለች ትጠይቀኝ ነበር። ምን የምትለኝ ይመስላችኋል? ስለ ፈተና ውጤቴ አይደለም። «ቀደስህ ወይ ልጄ?» ነው የምትለኝ። «አዎ እማማ» እላታለሁ። «እሰይ! እኔ በስንዴዬ፣ አንተ በድምፅህ እናገለግለዋለን» ትላለች፤ ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

የመጨረሻ የደወለችው በዚሁ በገብር ኄር ሰንበት፣ መጋቢት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። «ዛሬ ገብር ኄር ነው፤ ቀደስህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ያን ቀን የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንኳ አልረገጥኩም፤ ተኝቼ ነው ያረፈድኩት።

ቆማ የሰማችው ፍትሐት

በሰሙነ ሕማማት የጌታችንን ሕማምና ሞት ብቻ ስለምናስብ ጸሎተ ፍትሐት አይደረስም። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። ሕዝቡም ቆሞ ይሰማል፤ የማን ፍትሐት እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። በዚያ ዓመት ሆሣዕና መጋቢት 23 ቀን ነበር፤ አያቴም በዘንጓ ተደግፋ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። እናቴ እንደ ነገረችኝ፣ የዘንባባ ቀለበቷን አድርጋ ስትመለስ «የዘንድሮው ፍትሐት የኔ ሳይሆን አይቀርም» ብላ ፈገግ አለች። ረቡዕ መጋቢት 26 ቀን አረፈች።

ማታ ተደወለልኝ። በነጋታው ማልጄ በመኪና መሐል ሜዳ ደረስኩ፤ ከዚያ በእግሬ ሮጥኩ። ቀኑ ጸሎተ ሐሙስ፣ ደግሞም መጋቢት 27 የመድኃኔ ዓለም በዓል ነበር። ስደርስ ከመቃብሩ አጠገብ ነበሩ። የአብነት ተማሪዎቹ ደበሎአቸውን ለብሰው ዙሪያውን ቆመዋል። አንዱ ትንሽ ልጅ በደበሎው ጫፍ እንባውን ይጠርጋል። ያን ጊዜ የጣቢታ መበለቶች ትዝ አሉኝ። እነዚህ ልጆች የሚያሳዩት ነበራቸው። ዲያቆን የተባልኩት እኔ ግን ምን ላሳይ? መሬቱ የተቆፈረው ለእርሷ ነበር፤ መክሊቱን የቀበርኩት ግን እኔ ነኝ።

እውነተኛው ተዝካር

ከቀብር በኋላ የነፍስ አባታችንን ከጥዱ ሥር ለብቻቸው አገኘኋቸው። «አባቴ፣ እየዋሸኋት ሞተች፤ አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እግዚአብሔርን ትጠይቃለህ፤ ንስሐም ትቀበላለህ። ለእርሷ ደግሞ አዎ ብለሃት የለም? እንግዲህ አዎህን እውነት አድርገው» አሉኝ።

በቤታችን ደግሞ ክርክር ተነሣ። ዘመዶቻችን ለአርባዋ በሬ ለመግዛት ሊበደሩ ፈለጉ። «ሰው ምን ይለናል?» ነበር ምክንያታቸው። ቤተ ክርስቲያናችን በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት ሙታንን የምታስበው በጸሎት፣ በቅዳሴና በምጽዋት ነው። ጌታችንም ግብዣ ስታደርጉ ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን ጥሩ ብሎ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥12-14)። ለይሉኝታ የሚወሰድ ዕዳ ግን ለሟች ምን ይጠቅማታል? በመጨረሻ እናቴ «እርሷ በሕይወቷ ተበድራ አታውቅም፤ ሞታ አናስበድራትም» ስትል ክርክሩ ቆመ። በቤት ካለው ተዘጋጅቶ ነዳያንና ተማሪዎች በሉ።

አርባዋ እሑድ ግንቦት 5 ቀን ዋለ። ንስሐዬን ፈጽሜ ነበርና ከካህናቱ ጋር ለቅዳሴ ገባሁ። በዚያ ዕለት የተሠዋው ኅብስት እርሷ በእጇ ለቅማ ካስቀመጠችው ስንዴ ነበር። እርሷ በስንዴዋ፣ እኔም በድምፄ። «አዎ» ያልኩት ያን ቀን እውነት ሆነ።

ወገኖቼ! ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረውን እምነት ያስታውሰዋል። እዚያ ላይ ግን አያቆምም፤ ወዲያው በእርሱ ያለውን የእግዚአብሔርን ስጦታ እንዲያነሣሣ ያዘዋል (2ኛ ጢሞ. 1፥5-6)። አያትን ማሰብ እንዲህ ነው። እንባና ፎቶግራፍ ብቻ አይበቃም።

እስቲ እናንተም በዚህ ጾም የምታስቡትን ሰው አገልግሎት ጠይቁ። መገበሪያ ይሰጥ ነበር? ጧፍና ዕጣን ትገዛ ነበር? የጽዋ ማኅበሩን ተራ ትጠብቅ ነበር? የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ይጠርግ ነበር? ታዲያ ዛሬ ያን ሥራ ማን ይዞታል? ማንም ካልያዘው ለእናንተ የተተወ መክሊት ነው። በሕይወት ያለች እናት «ቀደስህ ወይ? ጾምክ ወይ?» ብላ የምትጠይቃችሁ ካላችሁ ደግሞ እንደ እኔ አትዘግዩ፤ መልሳችሁን በሕይወት ሳለች እውነት አድርጉት።

የያዝነውን ጾም በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን። የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር