ትንቢት በማን ሚዛን?

ከማታ ጥናት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ክርክር ተነሣ። አንድ ጓደኛችን ስለ ባሃኢ እምነት ያነበበውን ሲያጫውተን፣ «የሃይማኖቶች ሁሉ ትንቢት በእኛ ተፈጸመ ይላሉ እኮ!» ቢለን ሳቅን። ክርስቲያኑም ሳቀ፤ ሙስሊሙም ሳቀ። አልጋችን ላይ ጋደም ስንል ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳን። ለመሆኑ የሳቅነው መርምረን ነው? ወይስ ጆሯችን ስላልለመደው ብቻ?

እስቲ ከመሠረቱ እንነሣ። በ1844 እ.አ.አ. በፋርስ አገር፣ በሺራዝ ከተማ፣ ሰይድ አሊ መሐመድ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ነጋዴ «ባብ» ማለትም «በር» ነኝ ብሎ ተነሣ። የሺዓ ሙስሊሞች አሥራ ሁለተኛው ኢማም በ260 ዓመተ ሂጅራ ተሰውሯል፣ ይመለሳልም ብለው ያምናሉ። ባብ የተነሣው በ1260 ዓመተ ሂጅራ ነውና ሺህ ዓመት ሞላ ማለት ነው። በ1850 ታብሪዝ ላይ በጥይት ተደብድቦ ተገደለ። ከተከታዮቹ አንዱ ሚርዛ ሑሴን አሊ፣ ባሃኦላህ የሚባለው፣ ባብ ይመጣል ያለው እኔ ነኝ ብሎ በ1863 ባግዳድ ላይ ተናገረ። ከስደት ወደ ስደት ሲንከራተት ቆይቶ በ1868 አካ ታሰረ፤ በ1892 እዚያው አቅራቢያ አረፈ። ባሃኢዎች ክርስቲያን የሚጠብቀው ዳግም ምጽአትም፣ ሙስሊም የሚጠብቀውም በእነዚህ ሁለት ሰዎች ተፈጽሟል ይላሉ።

«ታዲያ ፀሐይ መቼ ጨለመች? ከዋክብትስ መቼ ረገፉ? በደመና ሲመጣ ማን አየው?» እንላለን። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የባብ አጎት እንኳ የእህታቸው ልጅ ያ የሚጠበቀው ነው ሲባል ልባቸው አልቀበል ብሎ ነበር። ባሃኦላህ «ኪታቢ ኢቃን» የተባለውን መጽሐፉን የጻፈው ለእሳቸው ጥያቄ መልስ ነው። እንደ እርሱ አባባል ከዋክብቱ ብርሃናቸው የጠፋባቸው የሃይማኖት ሊቃውንት ናቸው፤ ደመናውም ከሰው ልማድና ምኞት ጋር የሚቃረን፣ ስለዚህም እውነትን እንዳያይ የሚጋርደው ነገር ነው።

«ይቺማ ማምለጫ ናት!» ያለ አይጠፋም። እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን ቆም እንበል። በትንቢተ ሚልክያስ ኤልያስ ይመጣል ተብሎ ነበር። አይሁድ «ታዲያ የታል?» ቢሉ፣ ክርስቲያኑ ኤልያስ የተባለው መጥምቁ ዮሐንስ ነው ብሎ ይመልሳል። «የዳዊት ዙፋንስ?» ቢሉት፣ መንግሥቱ ሰማያዊ ነው ይላል። የሙስሊም ሊቃውንትም በዮሐንስ ወንጌል ይመጣል የተባለው አጽናኝ ነቢዩ መሐመድ ናቸው ሲሉ፣ ክርስቲያኑ በተራው «ቃሉ እንዲህ አይልም» ብሎ ይቆጣል። እንግዲህ እያንዳንዱ የራሱን ትንቢት በምሥጢር፣ የኋለኛውን ሰው ደግሞ በፊደል ይመዝናል። ሚዛኑ ሁለት ነው።

ለባሃኢዎችም ብለን ሚዛኑን ማላላት የለብንም። በትንቢተ ዳንኤል የተጠቀሰውን 2300 ቀን እንደ ዓመት ቆጥረው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ457 ተነሥተው 1844 ላይ ይደርሳሉ። ቁጥሩ ይገርማል። ግን በዚያው ቁጥር አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር ምጽአትን አስቦ፣ ተከታዮቹ ጥቅምት 22 ቀን 1844 እ.አ.አ. ሰማይ ሰማይ ሲያዩ አድረው በእንባ ተመልሰዋል። ከእነርሱ መካከል አድቬንቲስቶች «ቀኑ ትክክል ነበር፣ ነገሩ የተፈጸመው በሰማይ መቅደስ ነው» አሉ። ባሃኢዎች «የለም፣ በሺራዝ ነው» ይላሉ። ሌላው «ምንም አልተፈጸመም» ይላል። አንድ ቁጥር፣ ሦስት መልስ! ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ማንንም ሊያስታርቅ አይችልም።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ባሃኦላህ «ኪታቢ አቅደስ» በተባለው የሕግ መጽሐፉ፣ ሺህ ዓመት ሳይሞላ ከአምላክ አዲስ ራእይ አመጣሁ የሚል ሐሰተኛ ነው ብሎ፣ ይህን ቃል ከግልጽ ትርጉሙ አውጥቶ መተርጎምንም ይከለክላል። የሌሎቹን ቃል በምሥጢር የፈታ ሰው የራሱን በፊደሉ አጠረው። ምናልባት ሃይማኖት ሁሉ ሲገባ በሩን ከፍቶ፣ ከገባ በኋላ የሚዘጋ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ የሌላ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። በእኛም አገር «ፍካሬ ኢየሱስ» ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ነበርና፣ ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ያንኑ ስም ያዙ። ዛሬ ስለ እሳቸው ስንከራከር ግን ስሙ ከትንቢቱ ገጠመ አልገጠመ የሚል የለም። የምንከራከረው ስለ ሠሩት ሥራ ነው፤ አገር ስለ ማሰባሰባቸው፣ ስለ ጭካኔያቸው፣ ስለ መቅደላ። ትንቢት መንገድ ይጠርግ ይሆናል፤ ሰውየውን መመዘን ግን የእኛው ፋንታ ነው።

እኛ ባሃኢ አይደለንም፤ ትንቢቱ ተፈጽሟል ለማለትም አልበቃንም። ግን ይህ ክርክር ሻይ ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። በኢራን ከ1979 አብዮት በኋላ የባሃኢ ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ፤ በ1991 የወጣ የመንግሥት መመሪያም ባሃኢነቱ የታወቀ ተማሪ እንዲባረር ያዛል። እነርሱም ከ1987 ጀምሮ በየቤታቸው፣ ከሥራ በተባረሩ መምህራን እጅ መማር ጀመሩ። ልብ በሉ፤ እንደ እኛው ደብተር የያዙ ልጆች ናቸው። «ትርጓሜህ ስሕተት ነው» ማለት የማንም መብት ነው። «ስለዚህ ከክፍል ውጣ» የሚለው ግን የራሱን ትርጓሜ በዚያው ሚዛን አስቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው።

የእኛም ሳቅ ከዚያ ሰው ብዙ አልራቀም ነበር። አሁን ጓደኛችን ያንን ወሬ ቢደግመው፣ አስቀድመን አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ የእኔ እምነት የቆመበት ትርጓሜ በዚሁ ጥያቄ ቢፈተን ያልፋል ወይ? መልስ ያለው ይጻፍልን፤ የሚቃወምም ይጻፍ።