መክሊትን ስለ መቅበርና ስለ ማውጣት

ሰው ከእግዚአብሔር የተቀበለው ሀብት ነፍሱን የሚያሰናክል በመሰለው ጊዜ ይጣለውን ወይስ ይያዘው? አንደኛው ወገን፥ የሚያሰናክል ነገር ዓይንም ቢሆን እጅም ቢሆን ሊወገድ ይገባል ይላል። ሁለተኛው ወገን ግን መክሊቱን በምድር የቀበረው አገልጋይ በጌታው ፊት እንዳፈረ አስታውሶ፥ ሀብትን መጣል ሰጪውን ማቃለል ነው ይላል። ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ወንጌል ስለ ሆነ ክርክሩ በቃል ብቻ አይፈታም፤ በሰው ሕይወት ሲፈተን ግን ይገለጣል። ለዚህም ሜሪ ሉ ዊልያምስ የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት የፒያኖ ሊቅ ታሪክ መልካም ምስክር ነው።

ይህች ሴት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. በአትላንታ ተወልዳ በፒትስበርግ ከተማ አደገች። ገና ሕፃን ሳለች በእናቷ ጭን ተቀምጣ የሰማችውን ዜማ በጣቶቿ መለሰች፤ ጥቂት ከፍ ስትልም በየጎረቤቱ ቤት እየተጫወተች በምታገኘው ገንዘብ ቤተ ሰቧን ትረዳ ነበር። ከዚያም በአንዲ ከርክ ኦርኬስትራ ገብታ እስከ 1942 ዓ.ም. ድረስ ስትሠራ፥ ፒያኖ መጫወት ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያዎቹ ሁሉ ዜማውን እየደረሰች ታከፋፍል ነበር። ቤኒ ጉድማንና ዱክ ኤሊንግተንም ድርሰቷን ተቀብለው አሰምተዋል። በ1945 ዓ.ም. ስለ 12ቱ የከዋክብት ምድብ የደረሰችውን ዜማ በኒው ዮርክ፥ ታውን ሆል በተባለው አዳራሽ ተጫወተች። በሃርለም የነበረው ቤቷም እንደ ጉባኤ ቤት ሆኖ፥ ቴሎኒየስ መንክ፥ ባድ ፓውልና ዲዚ ጊለስፒ እየመጡ ከእርሷ ጋራ ይመካከሩ ነበር። ጃዝ የሚባለው ዜማ ከተጻፈው ይልቅ በዚያው ሰዓት ከልብ የሚፈልቀው የሚከበርበት ነውና፥ ባለቅኔ ያልተሰማ ቅኔ ሲቀኝ ያየ ሰው ሥራዋን ለመረዳት አይቸገርም።

ነገር ግን ይህ ዜማ ይሰማ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት መጠጥ ቤት ነው። ከባልንጀሮቿም ብዙዎቹ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ተጎድተዋል፤ ታላቁ ቻርሊ ፓርከር በ1955 ዓ.ም. በ34 ዓመቱ ሞተ። እርሷም አስቀድማ በ1954 ዓ.ም. በፓሪስ ሳለች መጫወቱን ትታ ነበር። ወደ አገሯ ተመልሳ ለጸሎት ተሰጠች፤ የተቸገሩትንና የታመሙትን ሙዚቀኞች በቤቷ እየተቀበለች ታበላና ታስታምም ጀመር። በ1957 ዓ.ም. በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀች። ካህናቱ ግን እጇን ለዘወትር እንድታሳርፍ አልፈቀዱላትም፤ ዜማሽም ጸሎት ሊሆን ይችላልና ተመለሺ ብለው መከሯት። በዚያው ዓመት ከጊለስፒ ጋራ በኒውፖርት በዓል ላይ ተጫወተች።

እንግዲህ እነዚያ ሦስት ዓመታት ከንቱ ነበሩን? አልነበሩም። እንጀራ ቆርሳ ስታበላ የነበረችው ሴት በፒያኖ ፊት ስትታይ ከነበረችው አታንስም። ታዲያ ምጽዋቱ ከበቃ ስለ ምን ተመለሰች? የሚል ቢኖር፥ መልሱ ይህ ነው፦ እንጀራን ሌላ ሰውም ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ዜማ ግን ከእርሷ በቀር የሚሰጥ አልነበረም። ደግሞም የሰከረው ሰው እንጂ ፒያኖው አይደለም። ኃጢአቱን በመሣሪያው ላይ የሚያኖር ሰው መሣሪያውን ቢሰብርም ልቡ ያው ነው። ሆኖም ይህ ቃል ጥበቡን ከቶ ጾሞ ለማያውቅ ሰው ማመካኛ አይሁን፤ እርሷ ከመመለሷ በፊት ሀብቷን ማጣት ምን እንደ ሆነ ቀምሳለችና።

የተመለሰችውም ወደ ቀድሞው ነገር አይደለም። በ1958 ዓ.ም. ችግረኞችን ሙዚቀኞች የሚረዳ ማኅበር አቆመች፤ ለዚህም ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተች። በ1962 ዓ.ም. ማርቲን ዴ ፖሬስ የተባለው የፔሩ ጥቁር መነኵሴ በሮም ቅዱስ ተብሎ ሲታወጅ ስለ እርሱ መዝሙር ደረሰች። ለቅዳሴም በጃዝ ዜማ ደረሰች፤ በ1975 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ተሰማ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን እያስተማረች ቆይታ፥ በ1981 ዓ.ም. በ71 ዓመቷ ዐረፈች።

በሌሊት መጠጥ ቤት የተሰማው ዜማ በካቴድራል ተሰማ፤ የመቱትም እጆች እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ሀብቱ የሚያስጨንቀው ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፦ የሚያሰናክለኝ ሀብቱ ነውን ወይስ የምሰጥበት ስፍራና ልብ? ስፍራው ቢሆን ይለውጠው፤ ልቡ ቢሆን ያንጻው፤ ሀብቱን ግን ሰጪው ሳይጠይቀው አይቅበረው። ለጊዜው ቢቀብረው እንኳ፥ የቀበረበትን ስፍራ አይርሳ።