ለባላንጣ የተቀዳ እርሾ

አንዲት ባልቴት ነበረች። እርሾዋ በመንደሩ የታወቀ ነው፤ አዲስ ጎጆ የወጣች ሙሽራ ሁሉ የመጀመሪያ ሊጧን የምታቦካው ከእርሷ ቤት በተቀዳ እርሾ ነበር። ከአጥር ማዶ ካለችው ጎረቤቷ በቀር የከለከለችው ሰው የለም።

ጠቡ የተነሣው ገብስ ውስጥ በገባች ላም ነው። ቃል ቃልን እየወለደ፣ የሞተ ዘመድ ሳይቀር እየተነሣ ተሰደበ። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው፤ "ይቅር ለእግዜር" ተባባሉ፤ በማግስቱ ምንጭ ላይ ፊት ተዟዟሩ። የጎረቤቷ ባል ሲሞት እንኳ ባልቴቷ ለቅሶ ደርሳ፣ ራቅ ብላ ተቀምጣ ተመለሰች። ግን ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት ሴት ናትና ነገሩ ይከብዳት ነበር። በየሌሊቱ ተነሥታ፣ "ጌታ ሆይ፣ ለዚህች ሴት የሚሆን ፍቅር በልቤ ጨምርልኝ" እያለች ትሰግዳለች። ሲነጋ ጎረቤቷን ስታያት ደሟ ይፈላል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የጎረቤቷ ልጅ ጣሳ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"እማማ፣ እሑድ የአባቴ ተዝካር ነው። የእናቴ እርሾ ተበላሸባት። ሌላ ቤት ሄጄ አጣሁ።"

"እናትሽ ናት ወደዚህ የላከችሽ?"

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ዝም አለች።

ባልቴቷ የማሰሮውን ክዳን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ልቧ አልራራም። ያ ሁሉ ስድብ አንድ በአንድ መጣባት። ቢሆንም ጎንበስ ብላ ማሰሮውን አዘነበለችና ጣሳውን ሞላችው። እንዳይደፋባት በኮባ ከደነችላት። "ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ መንገዱ ያዳልጣል" አለቻት። ይህን ሁሉ ስታደርግ ንዴቷ እንዳለ ነበር።

በማግስቱ ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች።

"አባቴ፣ ግብዝ ሆንኩ። እጄ ሰጠ፣ ልቤ ግን አልወደደም።"

"ልጄ፣ እርሾ የጨመርሽበት ሊጥ ወዲያው ኩፍ ይላል?"

"ኧረ የለም አባቴ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል።"

"እስከዚያ እየከፈትሽ ታዪዋለሽ?"

"ማየቱ ምን ይጠቅማል? ከድኜ እተወዋለሁ።"

"እንግዲያ የትናንቱንም ከድነሽ ተዪው" አሉ። "ደግሞ ሲመጡ ደግመሽ ስጪ።"

ከተዝካሩ በኋላ ልጅቷ በሰፌድ እንጀራ ይዛ መጣች። ባልቴቷም ጥቂት ሽሮ ቋጥራ ሰደደች። ስለ ላሟ ማንም አላነሣም። ክረምት ገባና ከአጥር ማዶ በየሌሊቱ ሳል ይሰማ ጀመር። አንድ ሌሊት ሳሉ ጠፋ። ባልቴቷ ስግደቷን አቋርጣ ጆሮዋን ወደ አጥሩ ጣለች፤ ሳሉ ተመልሶ እስኪሰማም አልተቀመጠችም። ሲነጋ ጦስኝ አፍልታ፣ አጥሩን ዞራ በጎረቤቷ በር ገባች።

ብዙዎቻችን የምንጸልየው እንደ ባልቴቷ ነው፦ መጀመሪያ ስሜቱ እንዲመጣ፣ ከዚያ እጃችን እንዲዘረጋ። ስሜቱ ሲዘገይ ደግሞ ያለ እርሱ መልካም ማድረግ ማስመሰል ይመስለናል። ይህ አስተሳሰብ ብዙ በር ዘግቷል ብዬ አምናለሁ። ለታይታ የሚደረገው ነው ግብዝነት። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት፣ ምዕራፍ 13 ላይ ስለ ፍቅር ሲጽፍ የዘረዘረው መታገሥን፣ ቸርነትን፣ በደልን አለመቁጠርን ነው። እነዚህ ልብ ሳይሞቅም ሊጀመሩ ይችላሉ።

በእውን የሆነ ምሳሌም አለ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎ ወዳለችው ግሸን ማርያም የሄዱት ለመሳለም ነበር። አገሩ በረሃብ ተመትቶ ነበር። በእጃቸው ያለው ዳቦና ጸበል ነው፤ መንገድ ላይ ለወደቁት እርሱኑ አካፈሉ። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አይተው ማለፍ አቃታቸው። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በዓመቱ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ትዳራቸውንና ቤታቸውን ያስከፈላቸው፣ በኋላም ትልቅ የሕፃናት ማሳደጊያ የሆነው ሥራ በእጅ ባለ ዳቦ ተጀመረ።

የሚደበድብሽን ሰው ተሸክመሽ ኑሪ ማለቴ አይደለም፤ ከእንዲህ ያለው መራቅ ይገባል። እኔ የምለው በውርስ ቤት ተጣልተህ ዓመታት ስላላናገርከው ወንድምህ ነው። ለገና ደውልለት። ድምፅህ ቢቀዘቅዝም ልጆቹ ትምህርት እንዴት እንደያዙ ጠይቀው። የቤቱን ነገር አታንሣ። ስልኩን ከዘጋብህ ለፋሲካ ደግመህ ደውል።