ደመ ነፍስ ነው ላሉኝ

እንስሳ አያስብም፣ በደመ ነፍስ ይኖራል ብለው ያስተማሩኝ ብዙ ናቸው። የኔታ ለባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢት (የምትናገር) እና ሕያዊት ነፍስ ያለችው ለሰው ብቻ ነው፣ የእንስሳ ነፍስ ደሙ ነው አሉኝ። የሳይንስ መምህሬም ያንኑ በሌላ ቃል አስጻፉን። ሁለቱም ጥያቄ አይወዱም ነበር። ኋላ የሠፈራችን ውሾች በመርዝ ሲያልቁ ውሻዬም አብሮ ሞተ። አቤት ብዬ የሄድኩባቸው ሹም «እንስሳ እኮ ነው፣ ምን ያውቃል?» ብለው ሲሸኙኝ፣ ትምህርቱ ለማን እንደሚመች ገባኝ።

እንስሳ እንደሚራብና እንደሚያስታውስ የሚክድ ስለሌለ እሱን አልፈዋለሁ። ጥያቄዬ ስለ ማሰብ ነው።

መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መሀል ገብቶ አይጥ ያድናል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚለው ብቻውን ሲያድን ከ4 ሙከራ 1 ብቻ ይሳካለታል፤ ከጭላዳ ጋር ሲሆን ግን ከ3 ሙከራ 2ቱ። እኔን የያዘኝ አካሄዱ ነው። ቀስ ብሎ ይራመዳል። በአፉ ሊያነሳው የሚችለው የጭላዳ ግልገል አጠገቡ እያለ ዞር ብሎ አያይም። ውሻ ሲያዩ ወደ ገደል የሚሸሹት ጭላዳዎች እሱን ችላ ብለው ሣራቸውን ይነጫሉ።

«ልማድ ነው» ይሉኛል፤ «ዶሮም ጥሬ ወደ ለቀመችበት ትመለሳለች። ግልገሉን የሚተወውም ፈርቶ ነው።» እውነትም አንድ ቀበሮ ግልገል ቢነጥቅ ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጥለውታል፤ ተመልሶ እንዳይገባም ከልክለውታል። ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። ግን እኔም የኔታ ፊት ጥያቄዬን የዋጥኩት አለንጋቸውን ፈርቼ ነው። የሚመጣውን አስቀድሞ አይቶ እጅን መሰብሰብ ማሰብ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

መልሱ አላሳረፈኝም። የተባረረው አንዱ ነው፤ ሌሎቹን ማን ገረፋቸው? አይተው ተምረው ከሆነ ረታሁ። ፍርሃቱ አብሯቸው የተወለደ ከሆነ መምህራኔ የረቱ ይመስላል። ይሁንና ለባዊት ነፍስስ ለሰው ከፈጣሪ የተሰጠች እንጂ ተምሮ ያገኛት አይደለችም ያሉን እነሱው አይደሉም? አብሮ መወለድ ለሰው ክብር፣ ለቀበሮ ነቀፋ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ቀበሮ ያስባል ብዬ አልምልም። የማየው ሥራውን እንጂ ልቡን አይደለም። የሰውንም ልብ ቢሆን ከሥራው ሌላ የማይበት መስኮት የለኝም። አያስብም የሚል ግን ማስረጃውን ራሱ ያምጣ፤ እስከዚያው ይህን ትምህርት መርዝ ለሚበትን እጅ ማመካኛ አድርጌ አልሰጥም።