ከቮልስ ሆድ ሥር

አሮጌ ቮልስ ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው ክቡ ጣሪያው ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ ሆዱን ማን ያያል? የሞራል ጥያቄው ግን ያለው እዚያ ነው፤ ያረጀው የሥር ቀለም እንደነበረ ይቆይ ወይስ ተፍቆ አዲስ ይቀባ?

በክረምት ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም የተጓዘ ያንን ቀይ ጭቃ ያውቀዋል። ፓራፋንጎ ሥር ተለጥፎ፣ እርጥበት ይዞ ይከርማል። በአውሮፓ መኪና የሚበላው ለበረዶ ተብሎ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው፤ የእኛ መኪኖች ከዚያስ ተርፈዋል። ቮልስ ግን ጠላቱን ይዞት ይዞራል። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነውና አሲዱ የፈሰሰ ዕለት የወለሉን ላሜራ ይበሳዋል።

ታዲያ ጋራዥ ሲገባ ምን ይባላል? «ካትራሜ ለቅልቀው፣ ማን ያየዋል!» እዚህ ላይ አንስማማም። ካትራሜ የተለቀለቀበት ዝገት ውስጥ ለውስጥ መብላቱን አይተውም፤ የሚታለለው ነገ የሚገዛው ሰው ነው። ልጆቹን የሚያሳፍረው በዚያ ወለል ላይ ነው እኮ!

«እንግዲያውስ ሁሉም ተፍቆ እንደ አዲስ ያብረቅርቅ» የሚሉም አሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ያች መኪና እጃችን ብትገባ ሆዷን እንፍቀው? ምስክርን አፉን መያዝ አይሆንም? የፍኖተ ሰላሙ ቮልስ ንጉሥ አልጫነም፤ አስተማሪ ጭኖ ከሆነ ለእኛ ይበቃናል።

ስለዚህ ላሜራውን የያዘው ቀለም ይቆይ። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ይበየድ፤ የተበየደውም ከአሮጌው ለየት ያለ ቀለም ይቀባ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የፋብሪካውን ከጋራዡ እንዲለይ።