የተራራው ውበት ዕዳ

ተራራን ሊያይ የመጣና ተራራ ላይ የሚኖር ሰው ቦታውን በአንድ ስም ይጠሩታል፤ የሚያዩት ግን ለየቅል ነው። ቡታጅራ በደረስኩ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ዘቢዳር ላይ ነው። ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ለእኔ የዓይን ምግብ ነው። ጭራሮ አዝላ ለምትወርደው እናት ደግሞ ማገዶ፣ ብርድና ዳገት ነው። ለመሆኑ ውበቱ የማን ነው?

ጥያቄው በሰሜን ተራሮች ከበድ ይላል። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ። በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። የዋልያው ቁጥር በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋታቸው በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ። በ2016 ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በማግስቱ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ለዋልያው የሚቆም ሰው ጠንካራ ክርክር አለው። ገበሬ ሌላ ማሳ ሊያገኝ ይችላል፤ ዋልያ ግን ከዚያ በቀር አገር የለውም፤ አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚመልሰው ኃይል የለም። ይህን በበኩሌ እቀበላለሁ። ነገር ግን ትርፉ የሁላችን ሲሆን ወጪው ለምን የአንድ መንደር ብቻ ይሆናል? ቱሪስቱ የሚቆርጠው ትኬት የገብስ ማሳንና የአባትን መቃብር ትቶ የመሄድን ዋጋ አይሸፍንም።

እዚህ ላይ ጉራጌ የሚያስተምረን ነገር አለ። ከወልቂጤ ወዲያ ባሉ መንደሮች ጀፎረ የሚባል ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጎዳና በቤቶች መካከል ተዘርግቷል። ከብት ይግጥበታል፤ ሰርግና ለቅሶ ይከናወንበታል፤ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባ ልጅ ይዝናናበታል። አጥሩን ወደ ጀፎረው የሚገፋ ሰው በባህሉ ሕግ ይጠየቃል። ውበቱን የሚጠብቁት ራሳቸው የሚጠቀሙበት ሰዎች ናቸው።

«ጀፎረ ላይ ዋልያ የለም፤ ሣሩ ቢጎዳም ተመልሶ ይበቅላል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ጀፎረ ለሰሜን መፍትሔ አይሆንም፤ መመዘኛ ግን ይሆናል። ውበትን ጠብቅ የተባለ ሰው ከውበቱ ድርሻ አለው ወይ? ድርሻ ከሌለው ስሙ ጠባቂ ሳይሆን ከፋይ ነው።

እንግዲህ ወደ ተራራ የሚሄዱ አንባቢ፣ ገደሉን ካደነቁ በኋላ መንገድ መሪዎን «ይህ ሜዳ ቀድሞ የማን ማሳ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ጉዞዎን አያስቀረውም፤ ደስታዎ የዕዳ ደስታ መሆኑን ግን ያሳውቅዎታል። ዕዳውን ያወቀ ሰው ለተነሺው ልጅ ትምህርትና ሥራ ሲጠየቅ «ምጽዋት» አይለውም።