መጠበቅና መሸፈን

በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ በአሊካንቴ ግዛት በሚገኘው የቪናሎፖ ሸለቆ፣ የኖቬልዳና የአስፔ ገበሬዎች ለገበታ የሚሆነውን ወይን የሚያሳድጉበት ለየት ያለ ልማድ አላቸው። ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ፣ በሰኔና በሐምሌ ወራት እያንዳንዱን ዘለላ የወረቀት ከረጢት ያለብሱታል። ከረጢቱ ከላይ በዘለላው አንገት ላይ ይታሰራል፤ ከታች ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። ልማዱ የተጀመረው በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ሲሆን፣ መነሻውም በዘለላው ላይ እንቁላሏን የምትጥል አንዲት የእሳት ራት ነበረች። ውሎ አድሮ ግን ከረጢቱ ፍሬውን ከወፍ፣ ከዝናብና ከኃይለኛ ፀሐይ እንደሚከላከል፣ መብሰሉንም እንደሚያዘገይ ታወቀ። አሌዶ የተባለው ዝርያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ በሐረጉ ላይ ይቆያል። ስፔናውያን በዘመን መለወጫቸው ዋዜማ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከ12ቱ የደወል ምቶች ጋር ከሚበሏቸው 12 የወይን ፍሬዎች ብዙዎቹ ከዚህ ሸለቆ የሚመጡ ናቸው።

ነገሩ የእርሻ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ልጆችን በማሳደግና በማስተማር ኃላፊነት ላይ ያለን ሁሉ ልንሸሸው የማይገባንን ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም፦ የምንወደውን ስንጠብቅ፣ ጥበቃችን ማሳደግ የሚሆነው መቼ ነው? ማፈን የሚሆነውስ መቼ ነው?

ብዙዎቻችን ከሁለት መልሶች አንዱን እንመርጣለን። አንዳንዶቻችን «ጊዜው ክፉ ነው፤ ልጅን ከቤት አለማውጣት ይሻላል» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ፀሐይና ነፋስ ያልነካው አይጠነክርም» እንላለን። የወይኑ ገበሬ ግን ሁለቱንም መልሶች ሙሉ በሙሉ አይቀበልም።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ገበሬው የሚሸፍነው ዘለላውን እንጂ ቅጠሉን አይደለም። የወይን ፍሬ ጣፋጭነቱን የሚያገኘው ከቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩም ወደ ዘለላው ይሄዳል። ሐረጉ ከነቅጠሉ ቢሸፈን ኖሮ፣ ነፍሳት ያልነኩት ነገር ግን የማይጣፍጥ ፍሬ በተገኘ ነበር። እኛም ልጅን ከክፉ ባልንጀራ እናድናለን ብለን ባልንጀራን ሁሉ ብንከለክለው፣ ከስሕተትም እንጠብቀዋለን ብለን ጥያቄውን ሁሉ ብንዘጋበት፣ የሸፈንነው ምግቡን የሚያገኝበትን ቅጠል ነው።

ሁለተኛ፣ ከረጢት በሽታን አይፈውስም። ስለዚህ ጠንቃቃ ገበሬ ከመሸፈኑ በፊት ዘለላውን መርምሮ የተበላሹትን ፍሬዎች ይለቅማል። የታመመ ፍሬ በውስጡ ቢቀር፣ ሻጋታው ማንም ሳያየው ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ከዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። በእኛ ዘንድ ገመናን መሸፈን እንደ መልካም ምግባር ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜም መልካም ነው። ይሁን እንጂ በዘመድ ወይም በጎረቤት የተጎዳች ልጅ «ዝም በይ፤ ቤታችን ይዋረዳል» ስትባል፣ የተሸፈነው ጉዳቱ እንጂ ልጅቱ አይደለችም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ጥበቃው ለማን ነው? ከረጢት የለበሰ ወይን ቆዳው ይሳሳል፣ መልኩም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ይህም የገዢውን ዓይን ይስባል። ወይን የሚያድገው ለገበታ ስለሆነ ገበሬው አይወቀስም። ልጅ ግን ለማንም ገበታ አያድግም። ሴት ልጃችንን ከማኅበርና ከትምህርት ቤት ጉዞ ስናስቀር፣ የፈራነው ለእርሷ ነው ወይስ ለስማችን? ይህን ጥያቄ በቅንነት የሚመልስ ወላጅ፣ አንዳንድ ጊዜ እጁን ከከረጢቱ ላይ ማንሣት ይኖርበታል።

በእርግጥ አደጋው እውነተኛ ነው። የተበላሸ ዘለላ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ይተካል፤ የተጎዳ ልጅ ግን በሌላ አይተካም። በመሆኑም ለጥሬው ፍሬ መሸፈን ግዴታ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ግዴታው ጊዜ አለው። ቀይ መልክ የሚያወጡ አንዳንድ የወይን ዝርያዎች ያለ ብርሃን መልካቸው ስለማይወጣ፣ ከመለቀማቸው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ከረጢቱ ይነሣላቸዋል። ሆኖም በጥላ የኖረ ፍሬ በድንገት ለኃይለኛ ፀሐይ ቢጋለጥ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ሽፋኑን ቀስ በቀስ መክፈት ይበጃል። እስከ 18 ዓመቱ ምንም ነገር ራሱ ወስኖ የማያውቅ ወጣት፣ በአንድ ቀን ወደማያውቀው ከተማ ሲላክ የሚደርስበትም ይኸው ነው።

በአገራችን ማሽላ የሚዘራ ገበሬ እያንዳንዱን የማሽላ ራስ ከረጢት አያለብስም፤ ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ወፍ ይጠብቃል። ከረጢት ያሰረ ሰው ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል፤ በማማ ላይ ያለ ግን በዚያው መዋል አለበት። ልጅ እያደገ ሲሄድ ከእኛ የሚፈለገው ከመጀመሪያው ጥበቃ ወደ ሁለተኛው መሸጋገር ነው፤ ይኸውም መከልከልን እየቀነስን አብሮ መዋልን፣ ማዳመጥንና በጊዜው መምከርን እያበዛን መሄድ ነው። ይህ ከመሸፈን ይልቅ ይደክማል። ስለዚህ ልጆቻችንን «አይሆንም» ከማለታችን በፊት፣ ከእነርሱ ጋር ለመዋል ጊዜ አጥተን እንዳይሆን አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ።